ቦክሱ በዋርሳዬ ስም

ካርቱም ውስጥ መኪናችንን አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ከባሕሪ ድልድይ መዳረሻ ግንብ ጋር አጣበቃት። እኔ የምሸጠውን ምሳ ሁለተኛ ድስት ለማውጣት ጀብራ ሰፈር፣ ቤት ቀርቼ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው በዋርሳዬ ስልክ ደውሎ በዐረብኛ «ነይ፣ ሰውየሽ ተጎድቷል» አለኝና ዘጋው። ዋርሳዬ ማለት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ መኪናዋን የሚነዳልኝም እሱ ነበር። ባገኘሁት መኪና እየተንደረደርኩ ስደርስ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ሰዉን ገፍቼ ስገባ ዋርሳዬ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከራሱ እስከ ጉልበቱ ቀይ ነው። አንዲት ሴትዮ «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ» እያለች በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ታራግብለታለች፤ አንድ ወጣት ደግሞ የውሃ ጠርሙስ ይዞ አናቱ ላይ ያፈስሳል።

ጮኽኩ። ደረቴን መታሁ። በሰው አገር ሬሳ ይዤ የምገባበት ጠፍቶኝ እዚያው ተንበረከክሁ።

ዋርሳዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ያስጮኽሻል? ወጥሽ ነው።»

እውነትም ወጥ ነው። ሽንኩርቱ ጢሙ ላይ ተለጥፏል። ያን ሁሉ ሰው ያስደነገጠው ለባሕሪ ጋራዥ ሠራተኞች ምሳ የሠራሁት ቀይ ወጥ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት?» አልኩት።

«እኔ ደህና ነኝ። ኮቴ ግን ሄደ። በርበሬ አይለቅም።»

ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል አላነሣም። ስለ ምሳው አላነሣም። ልቅሶዬ እዚያው ደርቆ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ያ ንዴት ከዚያ በኋላ ወራት አብሮኝ ከረመ።

እውነቱን ለመናገር የጀመረው ያን ዕለት አልነበረም። ባለቤቴ እኔንና ልጆቻችንን ትቶ ሥራ ፍለጋ ጁባ ሲወርድ «እኔ እስክመለስ ወንድሜ መኪናውን ይነዳልሻል» ብሎኝ ሄደ። ዋርሳዬ ከእኛ ቀድሞ ሱዳን የገባ፣ ገዳሪፍና ካርቱም መካከል ለዓመታት ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ግቢያችን ውስጥ ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል የሱ ነች። እኔ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ግን ሁለት ወንድ ባለበት ቤት ሴት መሪ አትይዝም ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ አብስላለሁ፣ እኔ ቤንዚን እሞላለሁ፣ እሱ ይነዳል። ከፊት ያለው ወንበር የኮቱ ነበር። በዚያ እሳት በሚያዘንበው የካርቱም ሙቀት ግራጫ ኮት ለብሶ ይወጣና ሲነዳ አውልቆ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። እኔ ከኋላ፣ ከድስቶቹ መሀል። አንድ ቀን ብቻ «ጋሼ፣ ዛሬ ከፊት ልቀመጥ?» ብዬው «ኮቱ ይጨማደዳል» አለኝ።

መኪናዋን ጎትተው ባሕሪ የኢንዱስትሪ ሰፈር አስገቧት። ምሳ የማቀርብለት መካኒክ ከሥር ገብቶ አየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ኸላስ፣ ሞታለች» አለ። «ሻንሲዋ ታጥፏል፣ ሞተሯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ባስጠግንሽ ሌባ ነኝ። ለላሜራ ሽጪያት።»

የአሸዋው መኪና ሾፌር በግርግር ጠፍቷል። ፖሊስ ጣቢያ ተመላልሼ ያገኘሁት «ቡክራ» የሚል መልስ ብቻ ነው፤ ነገ ማለት ነው፣ ነገም ነገ ይባላል። ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ምሳውን በረክሻ ማመላለስ ጀመርኩ። ረክሻ ባለ ሦስት እግሯ ናት፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ድስቱ ይከፈታል፣ ድልድይ ላይ ደግሞ አትወጣም፤ ወርጄ ሌላ መኪና መለመን አለብኝ። ምሳው ሲዘገይ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ፉል ወዳለበት መሄድ ጀመሩ። በዚያን ሰሞን እቁቤ ደረሰኝ። የአንገት ወርቄንም ሸጥኩ። አሳቤን ቆርጬ ነበር፦ የቤት መኪና አልገዛም። ቦክስ ነው የምገዛው። እዚያ አገር ከኋላዋ ጭነት የምትይዘውን ትንሿን መኪና ቦክስ ይሏታል። ድስቱ፣ ከሰሉ፣ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ ሁሉ ከኋላ ይጫናል፤ እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። መሪውን ይዤ።

ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ቆይ» አለኝ። «እኔ እስክመጣ ቆይ።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ደንበኞቼ እያለቁ ነው። እኔ መቆየት አልችልም።»

«እንግዲያው ያለ ወንድሜ እንዳትገዢ» አለ። «መኪና የሚያውቅ እሱ ነው።»

ለዋርሳዬ ስነግረው ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ቦክስ? ማን ሊነዳው?»

«እኔ ጋሼ።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ዕንባውን እስኪጠርግ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ አይቻለሁ።

በማግስቱ ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት ገበያ ይዞኝ ሄደ። ገበያው ጥላ የሌለው ሰፊ ሜዳ ነው። መኪኖቹ ኮፈናቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቹ አንዲት የኒም ዛፍ ሥር ተኮልኩለው የሚመጣውን ሰው ከጫማው ጀምረው ያያሉ። ዋርሳዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እኔ እከተላለሁ። ሻጮቹ የሚያነጋግሩት እሱን ነው። ገንዘቡ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ግን እኔን ያየኝ የለም።

አንዱ ሻጭ «ለሚስትህ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«አዑዙ ቢላህ! አላህ ይጠብቀኝ!» አለ ዋርሳዬ፣ ማተቡን አንገቱ ላይ እንዳሰረ። ዛፉ ሥር ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የመጀመሪያውን ቦክስ ጎማውን በእግሩ ነካ አደረገና «ይሄ ጭነት አያውቅም፣ ይሰበራል» አለ። ሁለተኛውን «ይሄ ደግሞ ከጭነት በቀር የሚያውቀው የለም፣ አልቋል» አለ። አንዱ ቤንዚን ይጠጣል፤ አንዱ ቀለሙ አያምርም፤ የአንዱ ደግሞ የባለቤቱ ዓይን አላማረውም። በቀጣዩ ጊዜም እንዲሁ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «አየሽ፣ መኪና መግዛት ሽንኩርት መግዛት አይደለም» ይለኛል። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ጥርሴን እነክሳለሁ። መኪና ማወቁን አልክድም። ግን አንድ ሰው ያየውን ሁሉ አይረባም ካለ የማይረባው መኪናው ብቻ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ።

እየተመላለስን ሳለ አንድ ቀን ሰማያዊ ቦክስ አየሁ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ጋቢናው ንጹሕ፣ ከኋላ እስፖንዳው ያልተጣመመ። ባለቤቱ ወጣት ሱዳናዊ ነው፤ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ቶሎ መሸጥ ይፈልጋል። ዋርሳዬ ዞረው፣ ተጎንብሶ አየው፣ ምንም አላለም። እንከን ቢያገኝ ኖሮ ዝም አይልም ነበር። በዋጋውም ተቀራረብን። ደስታዬ እንዳይታይብኝ ውሃ ልግዛ ብዬ ዘወር አልኩ።

ስመለስ ሁለቱ ከመኪናው ጀርባ ቆመው ያወራሉ። የመጣሁት በፊት በኩል ስለነበር አላዩኝም። ዋርሳዬ በዐረብኛ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«ልጄ፣ አትሽጥላት። ባሏ አልፈቀደም። ነገ ተመልሳ ገንዘቤን ስጠኝ ብላ ታስቸግርሃለች።»

ወጣቱ ኮፈኑን ዘጋው።

«አንተ!» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። አማርኛ የማይሰማው ሰው ሁሉ እንኳ ዞሮ አየኝ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ብዬ የምጠራውን፣ ሲገባ የምነሣለትን፣ ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን የማስታጥበውን ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ «አንተ» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማንን ነው አንተ የምትይው?»

«አንተን! ሌላ ማን አለ? ጉሮሮዬ ላይ የቆምከው አንተ ነህ! መሪ ከእጅህ እንዳይወጣ ብለህ የልጆቼን እንጀራ ትዘጋለህ? ኮትህን ከፊት አስቀምጠህ እኔን ከድስት ጋር ስትጭን ዝም ብዬሃለሁ! አሁን ግን በቃኝ!»

«ቀስ በይ። ሰው ያያል።»

«ይይ! አንተም እይ!»

ሻጮቹ ከዛፉ ሥር ተነሥተው መጡ። አንድ ሽማግሌ «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች» እያለ መሀላችን ገባ። ዋርሳዬ ኮቱን ቆለፈ። ሦስቱንም ቁልፍ፣ ቀስ ብሎ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔና እርስዎ አንተዋወቅም፣ እሜቴ» አለኝ። እርስዎ አለኝ። ከስድብ ሁሉ ያ ባሰኝ። ዞሮ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። እኔ ወደ ወጣቱ ዞርኩ፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። «እኅቴ፣ ችግር አልፈልግም» አለኝና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከጁባ ደወለ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የመጀመሪያው ጥያቄው «አንተ አልሽው?» የሚል ነበር።

«ምን እንዳደረገኝ አትጠይቀኝም?»

«ታላቄን ነው አንተ ያልሽው። ሄደሽ እግሩ ላይ ውደቂ።»

«አልወድቅም።»

«እንግዲያው መኪናም የለም።»

«መኪናማ አለ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። በትዳራችን ስልክ የዘጋሁበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ገበያ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ብቻውን ለሚሄድ ሐበሻ፣ ይልቁንም ለሴት፣ ያ ሜዳ ምሕረት የለውም። አንድ ደላላ እንደ መዥገር ተጣብቆብኝ «ለአንቺ ብዬ ነው፣ ወላሂ ለአንቺ ብዬ ነው» እያለ አንድ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቦክስ አሳየኝ። የጎማውን ቤት በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ይሄ ዛሬ ጠዋት ነው የተቀባው» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። «ሐበሺያ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?»

«ስለ መኪና አላውቅም። ቀለሙ ግን እጄ ላይ ነው።»

ምራቁን መሬት ላይ ተፋ። እኔም ጣቴን በመኪናው መስታወት ላይ ጠረግሁና ሄድኩ።

በመጨረሻ የረዳኝ ያ መኪናችን ሞታለች ያለኝ መካኒክ ነው። «ጀሪፍ ውስጥ አንድ ሐጅ አሉ» አለኝ። «የከብት ሣር የሚጭኑበትን ቦክስ ሊሸጡ ነው። ክፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን አይዋሹም።»

ጀሪፍ ዐባይ ዳር ነው። የጡብ ምድጃዎቹ ጭስ ወንዙ ላይ ተኝቶ ነበር። ሐጂው በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ሰላም ስላቸው አልተነሡም።

«ለማን ነው?»

«ለኔ ነው ሐጅ።»

«ማን ይነዳዋል?»

«እኔ።»

«እኔ ለሚጫወት ሰው መኪናዬን አልሰጥም። ሂጂ።»

«እየተጫወትኩ ከጀብራ ድረስ አልመጣም» አልኳቸው። ከልክ በላይ ደክሞኝ ስለነበር ድምፄ ጮኸ። «ቁልፉን ይስጡኝና ልንዳ። ካልቻልኩ እሄዳለሁ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ እያቃሰቱ ተነሥተው ጋቢና ገቡ። እኔም ገባሁ። መሪ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። ገና ስነሣ ሞተሩ ጠፋ። ደግሜ አስነሣሁ፣ ደግሞ ጠፋ። ሐጂው አልሳቁም፣ አላጽናኑኝምም። «ፍሪሲዮኑን ቶሎ አትልቀቂ» ብቻ አሉ። ሦስተኛው ላይ ተነሣ። በምድጃዎቹ መሀል በምታልፈው የአቧራ መንገድ ወንዙን ይዤ ነዳሁ። አህያ ጋሪ መጣብኝ፤ ጥግ ይዤ አሳለፍኩት። ጋቢናው ሣር ሣር ይሸታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትንፋሼ ሙሉ ሆኖ የወጣበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ስንመለስ ሐጂው ወርደው በሩን ዘጉ።

«ኪሎሜትር ቆጣሪው አይሠራም» አሉ። «ሁለተኛው ማርሽ ሲገባ ያንቋርራል። የቀኙ በር ከውጭ አይከፈትም። ከዚህ የተሻለ ውሸት ከፈለግሽ ገበያ ሂጂ።»

«ገበያውን አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

ተስማማን። ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ኢቃማሽ ደህና ነው?» ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ መኪና በስምህ አይዞርም። የኔ ለእድሳት ገብቶ ወራት ሆኖታል። ሐጂው አልጠበቁኝም። «እስከ ሐሙስ» አሉኝ። «ከሐሙስ በኋላ ለሌላ ሰው ነው።»

የማውቃቸውን የአገር ልጆች ዞርኩ። አንዱ ፈራ፤ አንዱ ኢቃማው ከኔ የባሰ ነው፤ አንዱ ደግሞ መኪናውን በሳምንት ግማሹን ቀን ካልሰጠሽኝ አለ። ኢቃማው የጸና፣ ወረቀቱ የተሟላ፣ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱም ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ዋርሳዬ ባልዲ ፊት ቁጢጥ ብሎ ኮቱን በሳሙና ያሻል። ከገበያው ቀን ጀምሮ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ቃል አልተለዋወጥንም። የምልክለትን ምግብ በር ላይ ትቶት ድመት ይበላዋል።

«ጋሼ» አልኩ።

«ጋሼ የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

«ቦክስ አግኝቻለሁ። ኢቃማዬ አልደረሰም። በእርስዎ ስም እንዲመዘገብልኝ ነው።»

«‹እርስዎ› የሚሉት ማንን ነው?»

ተመልሼ ልሄድ ነበር። እግሬ ግን አልተነቃነቀም። ልመናም አልወጣኝም፤ ይቅርታም አልወጣኝም። እሱ ኮቱን ገለበጠው፣ ሌላውን ጎን ማሸት ጀመረ።

«መቼ ነው?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ጠዋት ነው። ሐሙስ ጠዋት።»

«እሺ።»

ለምን እሺ እንዳለ ልጠይቀው ፈርቼ ሄድኩ።

ሐሙስ ኮቱን በደንብ ሳይደርቅ ለብሶት መጣ። የትራፊክ መሥሪያ ቤቱ ሰው ወረቀቱን እያየ «ባለቤቱ አንተ ነህ?» አለው።

«ወረቀቱ ላይ፣ አዎ» አለ ዋርሳዬና ፈረመ።

ውጭ ላይ ሐጂው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ዋርሳዬ እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ። ሽማግሌው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና ቁልፉን መዳፌ ላይ ጣሉት። «ስትነዳ ያየኋት እሷን ነው» አሉ።

የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈትኩለት። «ይግቡ።»

«ሴት እየነዳች አጠገቧ ተቀምጬ ታይቼ አላውቅም» አለ። ወደ ኋላ ዞረ፣ እስፖንዳውን ይዞ ተንጠላጠለ፣ ሣር ይጫንበት የነበረው ቦታ ላይ ወጥቶ ትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ኮቱን ለብሶ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ። «ያላ!» አለና ጣራውን በመዳፉ መታ።

እንደዚያ ሆነን ከተማውን አቋረጥን። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየናል። አንድ ትራፊክ አስቆመኝና «አንቺ፣ ሽማግሌውን ለምን ከኋላ ጫንሻቸው? ጋቢናው ባዶ አይደለም እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ።

አፌን ሳልከፍት ከኋላ መልስ መጣ። «ባለ መኪናው እኔ ነኝ! የፈለግሁበት እቀመጣለሁ!»

ትራፊኩ ወረቀቱን አየ። ስሙን ከመታወቂያው ጋር አስተያየ። ራሱን እየነቀነቀ አሳለፈን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከበፊቱ የከፉ ነበሩ። ሥራዬ ተመለሰ፤ ድስቶቹ ሳይከፈቱ ባሕሪ መድረስ ጀመሩ። ቤት ስገባ ግን ሰላም የለም። ዋርሳዬ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ይቀመጥና ለአላፊ አግዳሚው «ያቻት መኪናዬ» እያለ ያሳያል። ስወጣ «እሜቴ፣ መኪናዬን እንዳይጭሩብኝ» ይለኛል። ስገባ ጎማውን ዞሮ ያያል። በልቤ ግን አንድ ፍርሀት ገብቷል፦ ይሄ ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ ወረቀቱን ይዞ ቢሄድ ማን ያስቆመዋል? በመንግሥት ፊት ቦክሱ የሱ ነው። ቁልፉን አንዴ በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ፣ አንዴ ትራስ ሥር እደብቃለሁ። የባሰ ያስፈራኝ የባለቤቴ ነገር ነው። ድምፁ ጣፋጭ ሆነ። በየጊዜው ይደውላል። «ታረቃችሁ? መኪናው በደንብ ይሠራል? ሞተሩ ደህና ነው? ሰው ምን ያህል ያወጣል አለ?» ይለኛል። መጀመሪያ የታረቀኝ መስሎኝ ነበር።

ኢቃማዬ ሲደርስ ወዲያው አልተናገርኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ለዋርሳዬ ከነገርኩት እንቢ ሊለኝ ነው፤ እንቢ ካለኝ ደግሞ ሁሉም ነገር ያበቃል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ድስት ስጭን ሳለሁ በሩ ላይ ቆሞ አየሁትና አውጥቼ አሳየሁት።

«ደረሰልኝ» አልኩት። «ስሙን እናዛውረው።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ከዳር እስከ ዳር አነበበ። መለሰልኝ። ገብቶ ኮቱን ለብሶ ወጣና ከኋላ ተንጠላጥሎ ከድስቶቹ መሀል ተቀመጠ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሳይጨቃጨቅ ፈረመ። ወጥተን ቦክሱ አጠገብ ስንደርስ ቆመ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ከኪሱ መሀረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

«ባልሽ ስሙን እንዳታዞርላት ብሎኝ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ሰማያዊውን መኪና እንዳላስገዛሽ ያዘዘኝም እሱ ነው። ወንድሜ ነው፣ ታዘዝኩ። ቀድሞም መሪውን ልቀቅ መባሌ አናዶኝ ነበር፤ እሱን አልክድም። ይሄንን በስሜ ሲያዞሩልሽ ደግሞ ሽጠውና ገንዘቡን ላክልኝ አለኝ። ጁባ ውስጥ ከሰው ጋር አውቶቡስ ሊገዛ ነው። እሷ ምን ታመጣለች፣ ወረቀቱ ያንተ ነው አለኝ። በየሳምንቱ ይደውላል።»

አጠገቤ ያለውን የመኪናውን በር ያዝኩ። ትኩስ ብረት ነበር፤ እጄን ሲያቃጥለኝ እንኳ ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ታዲያ ለምን ፈረሙልኝ?»

«ሌባ አይደለሁማ» አለ፣ እንደተሰደበ ሰው። «ምን ማለትሽ ነው? ሽንኩርት ስትልጪ ዓመታት ያየሁሽ ሰው ነኝ። የሰው ላብ ልሸጥ?» ከዚያ ጣቱን አነሣብኝ። «ደግሞ ስለወደድኩሽ እንዳይመስልሽ። ሰው መሀል ያዋረድሽኝን አልረሳም። አልወድሽም።»

«እኔም አልወድዎትም» አልኩት።

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ላድርስዎት አልኩት። እሱ ግን ረክሻ አስቁሞ ገባ። ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ሊቀመጥ ሞክሮ ቦታ ሲያጣ ከኋላ ገብቶ ሲቀመጥ አየሁት። ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ግን አልነዳሁም። ንዴቴ የሚሄድበት ጠፍቶት ነበር። በዋርሳዬ ላይ የያዝኩት ቂም ስሕተት ነበር አልልም፤ የሚገባውን ያህል ሠርቷል። ግን ለወራት ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው ስጠላ፣ እሱን የሚያዘው ሰው በየጊዜው «የኔ እመቤት» እያለ ይደውልልኝ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ ነው።

«እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት?»

«መኪናው ዛሬ በስሜ ሆነ» አልኩት።

«ማን ፈረመ?» አለ።

«ወንድምህ።»

ስልኩን እሱ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስለ ልጆቹ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ስለሚመጣበት ቀንም እኔ መጠየቅ ትቻለሁ።

ዋርሳዬ በዚያው ወር ከግቢያችን ወጣ። ባሕሪ ውስጥ፣ ጋራዦቹ አጠገብ ከአገር ሰው ጋር ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አንድ ቀን ምሳ ሳወጣ ሰልፉ መሀል ቆሞ አየሁት። ተራው ሲደርስ ሳህኑን ተቀበለ፣ ከፈለ፣ እዚያው ቆሞ አንድ ጉርሻ ቀመሰ።

«ጨው በዝቷል» አለ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

«ካልተስማማዎት ሌላ ቦታ ይብሉ።»

«ሌላው ቦታ ሩቅ ነው» አለና ሳህኑን ይዞ ጥላ ወዳለበት ሄደ። በማግስቱም መጣ። እስካሁንም ይመጣል፤ አንድም ቀን ሰላም ብሎኝ አያውቅም።